ለማን ያደላል፣ በማን ላይ? አድልዎ፣ ተዋጽኦና ልዩ ድጋፍ በጋምቤላ

በአማርኛ የአስተዳደር ንግግር ውስጥ አድልዎ የሚለው ቃል የሚውልባቸው ጉዳዮች እጅግ የተራራቁ ከመሆናቸው የተነሣ፣ ቃሉ አንድ የታወቀ ድርጊት ይሰይማል ብሎ መነሣት ለጥናት አያመችም። የእኅቱን ልጅ ያለ ውድድር የቀጠረ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ የሥራ መደቦችን በብሔረሰብ የሚደለድል ክልላዊ መንግሥት፣ ከታዳጊ ክልል የመጣ ተማሪ በዝቅተኛ የመግቢያ ነጥብ ዩኒቨርሲቲ እንዲገባ የሚፈቅድ መመሪያ፣ እንዲሁም ለስደተኛው እህል ሰፍሮ አጠገቡ የሚኖረውን ነዋሪ ባዶ እጁን የሚመልስ የእርዳታ ድርጅት በየተራ በዚሁ በአንድ ቃል ይከሰሳሉ። ክሱ አንድ ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ሕግ የጣሰ፣ ሁለተኛው በፖለቲካ ስምምነት የሠራ፣ ሦስተኛው ሕግ ያዘዘውን የፈጸመ፣ አራተኛው ደግሞ ለጋሹ ባስቀመጠው መስፈርት እጁ የታሰረ ነው። አራቱን አንድ ቃል ሲሸከማቸው የሚጠፋው ልዩነት፣ ሥልጣንና ሀብት በብሔረሰብ ስም በሚከፋፈልባቸው አካባቢዎች በተለይ ከባድ ዋጋ ያስከፍላል።

ይህ ዳሰሳ ጉዳዩን በጋምቤላ ክልል፣ ከክልሉም በጋምቤላ ከተማና በኢታንግ ልዩ ወረዳ ውስጥ ባለው በትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ ዙሪያ ይመለከታል። በዚህ አካባቢ በዝምድና፣ በብሔረሰብ ድርሻና በዓለም አቀፍ እርዳታ መስፈርት የሚሠሩ ሦስት የአከፋፈል ሥርዓቶች ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ አንድ ቤተሰብም በአንድ ሳምንት ውስጥ በሦስቱም ሊመዘን ይችላል። የዳሰሳው ዋና ክርክር፣ ተዋጽኦ በመባል የሚታወቀው የብሔረሰቦች ድርሻ አሠራር በብሔረሰቦች መካከል ያለውን አድልዎ ቢያስታግስም፣ አድልዎውን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጎ ወደ ብሔረሰቡ ውስጥ እንደሚያወርደውና እዚያ ከወረደ በኋላ መጠሪያም ሰሚም እንደሚያሳጣው ነው።

ቃሉና አገባቡ

አድልዎ ከግዕዙ «አድለወ» የመጣ ሲሆን፣ «ደለወ» የሚለው ሥር መመዘንንና የሚገባ ሆኖ መገኘትን ያመለክታል፤ ሚዛን ማለት የሆነው «መዳልው»ም ከዚሁ ሥር የተገኘ ነው። በዚህ ጥንተ ፍቺው ማዳላት የሚዛን ያዡ ጥፋት እንጂ የተመዛኙ አይደለም። ቃሉ በሃይማኖትና በፍርድ ነክ ጽሑፎች ውስጥ ከዳኛ ጋር ተያይዞ የሚነሣውም ለዚህ ነው፤ ፊት አይቶ የሚፈርድ ዳኛ ያዳላል ሲባል ሁለት ባለጉዳዮች፣ አንድ ሚዛንና አንድ ሚዛን ያዥ በግልጽ ይታወቃሉ። ዛሬ በቃሉ ላይ የሚታየው ችግር የሚጀምረው እነዚህ ሦስቱ የማይታወቁበት ሁኔታ ሲፈጠር ነው።

የቃሉ ሰዋስዋዊ አገባብም ሁለት መልክ አለው። «ለእገሌ አደላ» ሲባል ተጠቃሚው ይጠቀስና ተጎጂው በዝምታ ይታለፋል፤ «በእገሌ ላይ አድልዎ ተፈጸመ» ሲባል ደግሞ ተጎጂው ይጠቀስና ተጠቃሚው ይሰወራል። ሁለተኛው አገባብ በቅርብ ዘመን የተስፋፋ ሲሆን፣ ለመስፋፋቱ በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪን ለመከላከል በተካሄደው ዘመቻ «አድልዎና መገለል» የሚለው ጥምር ቃል በየግድግዳው መለጠፉና በየሬዲዮው መደጋገሙ ትልቅ ድርሻ ነበረው። በዚያ አጠቃቀም አድልዎ ወዳጅን መጥቀም መሆኑ ቀርቶ ሰውን ከሰው መለየትና መጉዳት ሆነ፤ በዘመኑ የሕግ ጽሑፎችም መድልዎ ከሚለው ጋር እየተለዋወጠ በዚሁ ፍቺ ይሠራበታል። ሁለቱ አገባቦች አብረው መኖራቸው ለፖለቲካ ሙግት አመቺ ሆኗል፤ አንዱ ወገን «ለእነርሱ ያደላል» ሲል ሌላው «በእኛ ላይ አድልዎ አለ» ይላል፤ ሁለቱም ስለ አንድ ሹመት እየተናገሩ ሊሆን ይችላል።

ለዝምድና ማድላት ግን በዕለት ተዕለቱ አማርኛ ሁልጊዜ በነውርነት አይታይም። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ የሚለው ተረት ወቀሳ የሚመስለው ይኖር ይሆናል እንጂ የሚገልጸው የተፈጥሮን ዝንባሌ ነው፤ ሥልጣን ላይ ወጥቶ ወገኑን ዘወር ብሎ የማያይ ሰው በትውልድ ቀዬው የሚያገኘው ስምም የሚያኮራ አይደለም። ናይጄሪያዊው የፖለቲካ ሶሲዮሎጂ ምሁር ፒተር ኤኬ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በቅኝ አገዛዝ ውስጥ ያለፈው አፍሪካዊ በሁለት አደባባዮች መካከል እንደሚኖር ተከራክሯል፤ አንዱ ግዴታና ክብር ያለበት የትውልድና የዝምድና አደባባይ ሲሆን፣ ሌላው ያለ ሞራል ግዴታ የሚጠቀሙበት የመንግሥት አደባባይ ነው። ኢትዮጵያ በዚያ ዓይነት ቅኝ አገዛዝ ባታልፍም፣ መንግሥት ከውጭ የመጣ ነገር ሆኖ በታየባቸው ዳር አገሮቿ ይህ ትንታኔ ጥሩ አድርጎ ይሠራል። ጋምቤላ ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ታሪክ አላት፤ ዐፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ሆና የተመሠረተችና ጣቢያው እስከ 1949 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ሲተዳደር የቆየ ከተማ ናት። ለነዋሪው የመጀመሪያው የመንግሥት ገጽታ ግብር፣ ጉምሩክና የሩቅ አገር ሹም ነበር።

ሕጉ የፈቀደው ማዳላት

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ሲደነግግ፣ አንቀጽ 35 ለሴቶች የድጋፍ እርምጃ እንዲወሰድ፣ አንቀጽ 89 ደግሞ በዕድገት ወደኋላ ለቀሩ ብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች መንግሥት ልዩ ድጋፍ እንዲያደርግ ያዛል። ይህን መንፈስ ወደ ቅጥር ያወረደው፣ በ2010 ዓ.ም. የተተካው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515/1999 ነበር፤ በአዋጁ አንቀጽ 13 መሠረት ሴቶች፣ አካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ አነስተኛ ተዋጽኦ ያላቸው ብሔረሰቦች አባላት ከሌሎች ተወዳዳሪዎች ጋር እኩል ወይም የተቀራረበ ነጥብ ካመጡ ቅድሚያ ያገኙ ነበር።

በዚህ ድንጋጌ ውስጥ «የተቀራረበ» የምትለዋ ቃል ከምትመስለው በላይ ትሠራ ነበር። ልዩ ድጋፍ ማለት ከሚታወቅ ጉድለት ተነሥቶ ውድድሩን ሳያፈርስ ሚዛኑን የሚያቃና እርምጃ ሲሆን፣ የነጥብ መቀራረብ ድጋፉ ወደ ሌላ ነገር እንዳይለወጥ የተበጀለት አጥር ነበር። ተዋጽኦ ከዚህ ይለያል። ተዋጽኦ የሚነሣው ከጉድለት ሳይሆን ከድርሻ ነው፤ ዓላማውም አንድ ብሔረሰብ ከመንግሥት ሙሉ በሙሉ እንዳይገለልና ፀጥታ እንዳይደፈርስ ማድረግ ነው። ለዚህም ሕገ መንግሥታዊ መሠረት አለው፤ አንቀጽ 39 ሚዛናዊ ውክልናን መብት አድርጎ ያስቀምጣል። ወገንተኝነት፣ ማለትም ለዘመድ ወይም ለወዳጅ ማድላት፣ ጉድለትንም ድርሻንም የማይጠይቅ ሦስተኛ ነገር ነው። እነዚህን ሦስቱን ለይቶ የማይጠራ ክርክር መጨረሻው ሁሉንም ማጽደቅ ወይም ሁሉንም ማውገዝ ነው፤ ወገንተኛውም ይህን ስለሚያውቅ ራሱን በተዋጽኦ ስም ይከልላል።

ሕጉ ተዋጽኦን ሲፈቅድ ወሰኑ የት ላይ እንደሆነ በግልጽ የተፈተነው በሌላ ክልል ነው። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ በ1992ቱ ምርጫ የነባር ብሔረሰቦችን ቋንቋ አትችሉም ተብለው ከእጩነት የተሰረዙ ሰዎች ጉዳያቸውን እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት አደረሱ፤ ምክር ቤቱም በ1995 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ ለእጩነት የክልሉን የሥራ ቋንቋ ማወቅ እንደሚበቃ ወሰነ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ በመሆኑ ውሳኔው በሩን ከፈተ፤ በሩ ተከፈተ ማለት ግን ወንበር ተገኘ ማለት አይደለም። የጋምቤላም የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ እንዲህም ሆኖ የክልሉ ሥልጣን አከፋፈል አኝዋሃ፣ ኑዌር፣ ማጃንግ፣ ኦፖና ኮሞ በሚባሉት አምስት ነባር ብሔረሰቦች ዙሪያ የተዋቀረ ነው።

ክብደቱ የሚታወቀው በምንድን ነው?

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በጋምቤላ የርእሰ መስተዳድርነቱ ሥልጣን ከአጭር ጊዜ በስተቀር በአኝዋሃ እጅ ከቆየ በኋላ፣ በ2005 ዓ.ም. ከኑዌር የሆኑት ጋትሉዋክ ቱት ኮት፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ከአኝዋሃ የሆኑት ኡሙድ ኡጁሉ ቦታውን ያዙ። ርእሰ መስተዳድሩ ከአንዱ ሲሆን ምክትሉ ከሌላው የሚሆንበት፣ የቢሮ ኃላፊነቶችም በዚያው አምሳል የሚደለደሉበት አሠራር ልማድ ሆኗል። የአስተዳደር ካርታው ራሱ የዚህ አስተሳሰብ ውጤት ነው፤ አኝዋሃ፣ ኑዌርና ማጃንግ በየስማቸው ዞን ሲኖራቸው፣ አኝዋሃና ኑዌር አብረው የሚኖሩባት ኢታንግ ከየትኛውም ዞን ሳትገባ ልዩ ወረዳ ሆናለች።

ድርሻ የሚከፋፈለው ግን በምን ልክ ነው? በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ኑዌር ከክልሉ ሕዝብ 40 በመቶ፣ አኝዋሃ 27 በመቶ ገደማ ሆነው ተገኙ፤ በ1999ኙ ቆጠራ የኑዌር ድርሻ ወደ 47 በመቶ ሲጠጋ የአኝዋሃ ወደ 21 በመቶ ወረደ። እነዚህ አኃዞች በሌላ አገር የስታቲስቲክስ መጽሔት ገጽ ላይ ቀርተው ሊረሱ ይችሉ ነበር፤ ድርሻ በቁጥር በሚለካበት ቦታ ግን ቆጠራ የሚዛን ድንጋይ ነው። በአኝዋሃ ወገን ድንበር ተሻግረው የመጡ ስደተኞች እንደ ዜጋ ተቆጥረዋል የሚል ቅሬታ ሲነሣ፣ በኑዌር ወገን ደግሞ አገር በቀል ዜጋ ሆነው ሳለ በዜግነታቸው መጠርጠራቸው ራሱ መድልዎ ነው የሚል መልስ ይሰጣል። ሊባኖስ በዚህ ረገድ ትምህርት ሰጪ ናት፤ ፕሬዚዳንትነትን ለማሮናዊ ክርስቲያን፣ ጠቅላይ ሚኒስትርነትን ለሱኒ፣ የምክር ቤት አፈ ጉባኤነትን ለሺዓ ያደላደለችው ይህች አገር እ.ኤ.አ. ከ1932 ወዲህ ሕዝቧን ቆጥራ አታውቅም። የኢትዮጵያም አራተኛው ቆጠራ ለ2010 ዓ.ም. ከታቀደ በኋላ ተደጋግሞ ሲራዘም መቆየቱ ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም፣ ቁጥር ወደ ሥልጣን የሚመነዘርበት ሥርዓት ቆጠራን እንደሚፈራ ማስታወስ ተገቢ ነው።

የአንትሮፖሎጂ ምሁሩ ደረጀ ፈይሳ ስለ ጋምቤላ እ.ኤ.አ. በ2011 በእንግሊዝኛ ባሳተመው ሰፊ ጥናት፣ አኝዋሃና ኑዌር የማንነት ፖለቲካን የሚጫወቱት በተለያየ ሕግ እንደሆነ አሳይቷል፤ የአኝዋሃ ማንነት ከተወሰነ መሬትና ከሰፈር ጋር የተቆራኘ ሲሆን፣ የኑዌር ማንነት ሌላውን እያቀፈ የሚሰፋ ነው። ይህን ትንታኔ ወደ አድልዎ ጥያቄ ስንመልሰው የሚገኘው ውጤት ግልጽ ነው። ለአኝዋሃ ትክክለኛው ሚዛን ቀደምትነት ነው፤ መሬቱን ማን ቀድሞ ያዘው? ለኑዌር ቁጥር ነው፤ ዛሬ የሚበዛው ማን ነው? በደርግ ዘመን በ1977 እና በ1978 ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከከምባታና ከሌሎች አካባቢዎች መጥተው የሰፈሩት፣ ከ60 ሺህ በላይ ይሆናሉ ተብለው የሚገመቱት ሰፋሪዎችና ከእነርሱም በፊትና በኋላ በንግድ፣ በማስተማርና በመንግሥት ሥራ የመጡት፣ በአካባቢው አጠራር ደገኞች የሚባሉት ነዋሪዎች ደግሞ ሚዛኑ ትምህርትና ችሎታ ሊሆን ይገባል ይላሉ። እያንዳንዱ ወገን በየትኛው ሚዛን ቢመዘን ክብደቱ እንደሚጨምር አሳምሮ ያውቃል።

ከሦስቱ ገለልተኛ የሚመስለው የደገኞቹ ሚዛን ነው፤ የዘመናዊ ቢሮክራሲ ንድፈ ሐሳብም ከማክስ ቬበር ጀምሮ ይህንኑ ይደግፋል። ሆኖም ችሎታ ራሱ የኋላ ታሪክ ውጤት ነው። ትምህርት ቤት ቀድሞ የተከፈተው የት እንደነበረና በየትኛው ቋንቋ ይሰጥ እንደነበር ሳይጠየቅ የፈተና ነጥብ ብቻውን ሲቀርብ የትናንቱን አድልዎ የዛሬ ብቃት አድርጎ ያሳያል። በሌላ በኩል በ1999ኙ ቆጠራ ከክልሉ ሕዝብ ከሩብ በላይ የሚሆኑት ከነባሮቹ ብሔረሰቦች ውጭ ያሉ ነዋሪዎች በተዋጽኦው ሠንጠረዥ ላይ ይህ ነው የሚባል ዓምድ የላቸውም፤ እዚያው ተወልደው ያረጁትም ቢሆኑ ሁልጊዜ እንደ እንግዳ ይታያሉ። ይህን አድልዎ ነው ላለማለት የሚያበቃ ጠንካራ ምክንያት ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

ከብሔረሰብ በታች

ተዋጽኦ ስለሚደብቀው ነገር ለመናገር አንድ ተራ የቅጥር ሂደትን ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። በመሥሪያ ቤቱ በር ላይ በተሰቀለው ሰሌዳ ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ ከዚያም ከታች በኩል «የአካባቢውን ቋንቋ የሚችል ቢሆን ይመረጣል» የሚል መስመር ይኖራል። የትኛውን የአካባቢ ቋንቋ የሚለው ብዙ ጊዜ አይገለጽም፤ ያልተገለጸው ነገር በኋላ ለኮሚቴው ሰፊ ሜዳ ይሆናል። የጽሑፍ ፈተና ይሰጣል፤ ወረቀቱ በእጅ ስለሚቀር ነጥቡን መለወጥ አይቀልም። የቃለ መጠይቁ ነጥብ ግን የፈታኞቹ ግምት ስለሆነ ወደ ላይም ወደ ታችም ይሳባል። ኮሚቴው ከየብሔረሰቡ አንድ አንድ ሰው እንዲኖረው ሆኖ ሲዋቀር አስተያየቱ ሚዛናዊ ይሆናል ተብሎ ይታሰባል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ አባል የራሱን ብሔረሰብ ድርሻ ጠባቂ ሆኖ ከተቀመጠ ሌላው በድርሻው ውስጥ ማንን እንደመረጠ የመጠየቅ ፍላጎትም ድፍረትም አይኖረውም። በአንተ አልገባም በእኔ አትግባ የሚል ያልተጻፈ ስምምነት ይሰፍናል። በዚያው ክፍል ግድግዳ ላይ አሥራ ሁለቱ የመንግሥት ሠራተኞች የሥነ ምግባር መርሖዎች ተሰቅለው ይታያሉ፤ አለማዳላት ከእነርሱ አንዱ ነው።

ስለዚህ በብሔረሰቦች መካከል ቁጥሩ ልክ የሆነ ቅጥር ውስጡ ሲታይ ንጹሕ ወገንተኝነት ሊሆን ይችላል። እንግሊዛዊው የአንትሮፖሎጂ ምሁር ኢቫንስ-ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው ጥናቱ የኑዌር ማኅበረሰብ በየደረጃው የሚከፈልና እንደ ተፎካካሪው ስፋት የሚሰባሰብ መሆኑን ገልጾ ነበር፤ በኢትዮጵያ በኩል ያሉት፣ ምሥራቃዊ ጂካኒ የሚባሉት ኑዌሮችም ጋት-ጃክ፣ ጋት-ጆክና ጋት-ጓንግ ተብለው ይከፈላሉ፤ እያንዳንዱም ወደ ታች እየተከፋፈለ ይሄዳል። በአኝዋሃም በኩል በባሮ ዳር ያለው የኦፔኖ ሕዝብና ሉል በሚባለው አካባቢ ያለው ሕዝብ በፖለቲካ መድረክ ሲፎካከሩ ታይተዋል። ኑዌርን የሚወክል አንድ ወንበር ሲመጣ፣ ወንበሩ ለየትኛው ጎሳ ይሁን የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይከተላል። ተዋጽኦው የሚያውቀው ኑዌር የሚለውን ስም ብቻ ስለሆነ በዚያ ስም ውስጥ ተደጋግሞ የሚታለፈው ጎሳ በሠንጠረዡ ላይ አይታይም።

ክፍተቱ በግልጽ የሚታየው በአቤቱታ ጊዜ ነው። ብሔረሰባችን በዚህ ቢሮ አልተወከለም የሚል ቅሬታ የታወቀ መልክ አለው፤ የሚያዳምጠው የፓርቲ አካል አለ፤ መልስም በቶሎ ያገኛል። ከእኔው ብሔረሰብ ያነሰ ነጥብ ያመጣ ሰው ዘመዱ ኮሚቴ ውስጥ ስላለ ተቀጠረ የሚል አቤቱታ በሕግ ደረጃ ለቅሬታ ሰሚና ለአስተዳደር ፍርድ ቤት ክፍት ቢሆንም፣ በተግባር አቤቱታ አቅራቢውን የራሱን ወገን ገመና ያወጣ ሰው ያደርገዋል። ብዙዎች ዝም ይላሉ፤ ዝም ያላሉት ደግሞ ቅሬታቸውን በሚሰማ ቋንቋ ለመናገር ሲሉ በሌላው ብሔረሰብ ላይ ያነጣጠረ ያደርጉታል። ከውስጥ የተፈጸመ በደል ከውጭ እንደመጣ ሆኖ የሚነገረው በዚህ መንገድ ነው፤ በክልሉ በተደጋጋሚ ከታየው ግጭት ምን ያህሉ እንዲህ ባለ አቅጣጫውን በሳተ ቅሬታ እንደተቀጣጠለ የሚመረምር ጥናት ብዙ ሊያስተምር በቻለ ነበር።

ትየርኪዲ

በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ሲፈነዳ የባሮንና የአኮቦን ወንዞች ተሻግሮ የገባውን ሕዝብ ለማስፈር ትየርኪዲ በየካቲት 2006 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ጥቂት ቆይቶ ኩሌ፣ በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ንጉኝየል ተከተሉት። የመጠለያዎቹ ነዋሪ በአመዛኙ ኑዌር ነው። በድንበሩ ግራና ቀኝ የሚኖሩት ጂካኒዎች የአንድ ጎሳ ሰዎች በመሆናቸው፣ በትየርኪዲ የሰፈረው ስደተኛ አጎት በኢታንግ ወይም በላሬ ወረዳ የቀበሌ መታወቂያ ወረቀት የያዘ ኢትዮጵያዊ የወንድም ልጅ ሊኖረው ይችላል።

የእርዳታ ሥርዓቱ ይህን ዝምድና አያውቀውም። የሚያውቀው የቤተሰቡን ቁጥር የያዘውን የራሽን ካርድና የጣት አሻራን ነው። በማደያው ቀን ሰልፉ ፊት ላይ የደረሰች እናት ካርዷን ትሰጣለች፣ አሻራዋ ይረጋገጣል፣ በካርዱ ላይ በተጻፈው የቤተሰብ ቁጥር ልክ እህሉ፣ ዘይቱና ጥራጥሬው ይሰፈርላታል። ካርዱ የማንንም ፊት አያይም፤ ጎሳም ዘመድም አይጠይቅም። በዚህ መልኩ ከተመለከቱት ከጋምቤላ የአከፋፈል ሥርዓቶች ሁሉ ለጥንቱ የዳኛ ምሳሌ የሚቀርበው ይህ ነው። ችግሩ ከሰልፉ በፊት ያለው ነው። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ንቅናቄ እ.ኤ.አ. በ1965 ያጸደቃቸው መርሖዎች አለማዳላትን ሲያብራሩ እርዳታ በችግር መጠን ብቻ መመራት እንዳለበት ያመለክታሉ፤ በመጠለያው ግን ከችግሩ መጠን በፊት የሚጠየቀው ሰውየው ስደተኛ መሆኑና አለመሆኑ ነው። ጎርፍ ማሳውን የወሰደበት የኢታንግ ገበሬ ከስደተኛው የባሰ ተርቦ ሊገኝ ይችላል፤ ካርድ የለውም። ከነባሩ ነዋሪ ጥቂቶች ስደተኛ ነን ብለው ይመዘገባሉ የሚለው በክልሉ ሲነገር የኖረ ክስ የሚነሣው ከዚህ ነው። ስደተኝነት በእህል ብቻ ሳይሆን ወደ አሜሪካና ወደ አውስትራሊያ በሚወስደው የሠፈራ ዕድልም ሲመነዘር የኖረ ስለሆነ ክሱ በቶሎ የሚበርድ አይደለም።

ካርዱ የማይዳኘው ሌላም ነገር አለ። መጠለያው በዞንና በብሎክ የተከፋፈለ ሲሆን በየደረጃው የስደተኛ ተወካዮች አሉት፤ ለሥልጠና፣ ለአነስተኛ ሥራ፣ ለተጨማሪ ድጋፍ ስም የሚያስተላልፉት እነርሱ ናቸው። ስደተኞቹ ሲሰፍሩ በመጡበት አካባቢና በጎሳ ተቀራርበው ስለሰፈሩ ብሎክና ጎሳ ብዙ ጊዜ ይገጣጠማሉ፤ ከላይ በክልሉ ቢሮዎች የታየው ነገር እዚህም በአነስተኛ መልኩ ይደገማል። ድርጅቶቹ በብሎኮች መካከል እኩል ማካፈላቸውን በሠንጠረዥ ያረጋግጣሉ፤ በብሎኩ ውስጥ የማን ስም እንደተጻፈ ግን የተወካዩ ጉዳይ ሆኖ ይቀራል።

ለአኝዋሃ ነዋሪዎች ደግሞ ጥያቄው ከእህሉ ይርቃል። ለእነርሱ መጠለያው ቆጠራ በመጣ ጊዜ በኑዌር ወገን ሊጨመር የሚችል ክብደት ነው። በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. በጋምቤላ ከተማ በመቶዎች የሚቆጠሩ አኝዋሃዎች የተገደሉበት ጭፍጨፋ ቀደም ብሎ፣ በመንግሥት የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ላይ ከተፈጸመ ግድያ ጋር የተያያዘ እንደነበረ፣ የአዲስ መጠለያ ቦታ ጉዳይም በወቅቱ አከራካሪ እንደነበረ ስናስታውስ የስጋቱን ጥልቀት መረዳት አያስቸግርም። በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. በክልሉ በሚገኘው በጄዊ የስደተኞች መጠለያ አካባቢ ሁለት የስደተኛ ሕፃናት በተሽከርካሪ አደጋ ከሞቱ በኋላ በርካታ ደገኛ ሠራተኞች መገደላቸው ደግሞ ሦስተኛውን ወገን በዚሁ ቁጣ ውስጥ አስገብቶታል። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት እህል ያለአግባብ እየተወሰደ ነው በሚል በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታን ሲያቋርጡ፣ የስደተኞቹም ራሽን እስከ 2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ተቋርጧል፤ በሌላ ቦታ ለተፈጸመ ጥፋት ካርዱን በትክክል የያዘችው እናት ተቀጣች።

በዚሁ ወረዳ የተሠራው የውኃ አቅርቦት ግን ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳያል። በባሮ ዳር ከተቆፈሩ ጉድጓዶች የሚነሣው የኢታንግ የውኃ መስመር የኢታንግን ከተማና ትየርኪዲን፣ ኩሌንና ንጉኝየልን በአንድ ሥርዓት ያጠጣል፤ አገልግሎቱንም ለስደተኛውም ለነዋሪውም አንድ ድርጅት እንዲያስተዳድረው ተደርጓል። ቦኖ ላይ ጀሪካኑን ለሚያሰልፍ ሰው የሚጠየቀው ተራው እንጂ ወገኑ አይደለም። የመስመሩ ዋጋ ከእርዳታ እህል ጋር ሲነጻጸር ከፍተኛ መሆኑና እንዲህ ያለው አሠራር ለሥራና ለሹመት እንደማይሆን ግልጽ ነው፤ ውኃ ይከፋፈላል፣ አንድ ወንበር አይከፋፈልም። ቢሆንም ከአድልዎ ክስ ነጻ የሆነው አገልግሎት ቡድኖችን በትክክል የመዘነው ሳይሆን ቡድን መጠየቁን የተወው መሆኑ ለውይይት የሚቀርብ ነጥብ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ለስደተኛው የመሥራት፣ የመማርና የመንቀሳቀስ መብትን አስፍቷል፤ ለረጅም ጊዜ የኖሩ ስደተኞች ከአካባቢው ኅብረተሰብ ጋር እንዲዋሐዱ የሚፈቀድበትን መንገድም አመልክቷል። የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ደግሞ ዜግነት ለሚጠይቅ የውጭ አገር ሰው ከሚያስቀምጣቸው መስፈርቶች መካከል በአገሪቱ ቢያንስ አራት ዓመት መኖርንና ከአገሪቱ ብሔር ብሔረሰቦች ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት መቻልን ይጠቅሳል። ኑዌርኛ ከእነዚህ ቋንቋዎች አንዱ ነው። በትየርኪዲ በ2006 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በ2024 ዓ.ም. 18 ዓመት ይሞላዋል፤ ያኔ ሌሎቹን መስፈርቶች አሟልቶ የዜግነት ማመልከቻ ቢያቀርብ የፌዴራሉ ሕግ እንደ አንድ ሰው ይመዝነዋል፤ የጋምቤላ የተዋጽኦ ሠንጠረዥ ግን ለኑዌር ከተጨመረ አንድ ቁጥር በላይ አድርጎ የሚያየው አይመስልም። አኝዋሃው፣ ደገኛውና የልጁ የራሱ ጎሳ ተፎካካሪዎችም ማመልከቻውን የሚያነቡት በዚሁ ሁለተኛው ዓይን ይሆናል።